ለቁስል የተያዘ ውሃ

የአዝመራ እግር ኳስ ክለብን ታሪክ እኔ እንድጽፍ የተወሰነው እኔ በሌለሁበት ስብሰባ ነው። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ሩታ፣ ኮሚቴው አንቺን መርጧል» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ለመጽሔቱ። ክለቡ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ታሪክ አይደል እንዴ የተማርሽው?»

ታሪክ መማሬ ቤታችን ውስጥ የሚነሳው አንድ ሰው የሆነ ነገር በነጻ ሊያሠራኝ ሲፈልግ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ የምሰማው «አካውንቲንግ ብትማሪ ምን ነበረበት» የሚለውን ነው። የምሠራው አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሌሎች ዓመቱን ሙሉ የደከሙበትን ሥራ እኔ በሳምንት ሪፖርት አደርገዋለሁ። ፈጣን ነኝ። የክለቡንም ታሪክ ቶሎ እንደምገላግለው ነገርኩት።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው እህል በረንዳ፣ ከሊቀመንበሩ ከጋሽ ሃብታሙ መጋዘን ጓሮ ነው። ወንበር የለም። ባቄላና ሽንብራ በተሞላ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚናገረው ሰው የተቀመጠበትን ጆንያ እየደበደበ ስለሚናገር ክርክር በጋለ ቁጥር ሁሉም ያስነጥሳል። መቅረጫዬን አብርቼ መሀላቸው ተቀመጥኩ።

ታሪኩ መጥፎ አልነበረም። ክለቡን የመሠረቱት የእህል በረንዳ ተሸካሚዎችና የነጋዴ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያውን ማሊያ ያሰፉት ከስንዴ ዱቄት ከረጢት ነው፤ የሁሉም ጀርባ ላይ «50 ኪሎ» የሚል ጽሕፈት ስለነበረ ዳኛው ማንን እንደሚያስወጣ ይጠፋበት ነበር። አባቴ፣ እነሱ ውቤ የሚሉት፣ ካፒቴን ነበር። ጋሽ ሃብታሙ ተከላካይ፣ ጋሽ ማሙሸት ደግሞ በራሳቸው አነጋገር «የግራ ክንፍ፣ የቀኝ ክንፍና የክለቡ አፍ»።

ክለቡ ሁለት ሕግ ነበረው፤ አወጣሁት የማይል ሰው የለም፣ ያወጣው ሰው ግን አይታወቅም። አንደኛው፣ አዝመራ ሲበላ በአንድ ትሪ ነው። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን እርድ ስለማይበላ፣ ትሪ ከምንለይ ሥጋው ይቅር ብለው ተዉት። በአርባ ዓመት ውስጥ በክለቡ ማዕድ ላይ ሥጋ ቀርቦ አያውቅም። ሁለተኛው የረመዳን ሕግ ነው። በረመዳን ጨዋታ ካለ ሜዳ ላይ ማንም ውሃ አይጠጣም። ክርስቲያኑም አይጠጣም። ግማሹ ቡድን እየተቃጠለ ግማሹ አይጎነጭም። አንዲት የወታደር ኮዳ ውሃ ብቻ ይያዛል፤ እሷም ለቁስል ነው፤ የተላጠ ጉልበት ለማጠብ።

«እንግዲህ የሰማንያ አራቱን ዋንጫ ጻፊ!» አሉ ጋሽ ማሙሸት፤ ጆንያውን በጥፊ መትተው። «ከመሳለሚያ ጮራ ጋር። ረመዳን ነው። ሜዳው ከሰባተኛ በታች፣ አሁን ሕንፃ የቆመበት። አቧራው! ምላሳችን ካርቶን ሆኗል። አንድ ለአንድ ነን። ሊያልቅ ሲል አባትሽ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በግንባሩ እንዲህ አድርጎ—»

«አንተ ነህ ያሻማኸው» አለ አባቴ።

«እሱማ እኔ ነኝ! እሱን አትዝለይው። ሁለት ለአንድ! ውቤን ተሸክመን ሜዳውን ዞርን። ከዚያ ሃብታሙ ጉልበቱ ተልጦ ያለቅሳል—»

«አላለቀስኩም» አሉ ጋሽ ሃብታሙ።

«ያለቅሳል! ኮዳውን አምጡ አልን። ሲመጣ፣ ኮዳው ቀሏል! ግማሽ!»

«ማን ነበር የሚጠብቀው?» አልኩ።

«በረኛው ነዋ! ልብሳችንም ኮዳውም የሚቀመጠው ከጎሉ ጀርባ ነው፤ ጠባቂው በረኛው። ሽኩር! ‹ሽኩር፣ ውሃው የት ሄደ?› ዝም። ‹ተነነ?› ዝም። በረመዳን፣ ሙስሊሙ ልጅ! እኛ ክርስቲያኖቹ ለሱ ብለን ተቃጥለን፣ እሱ ጎል ስር ቆሞ! ከዚያን ቀን ወዲህ ሽኩር ኮዳ!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ይህን ቀልድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰፈራችን ውስጥ አደራውን የበላ ሰው «ኮዳ» ይባላል፤ ከየት እንደመጣ የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ የተቀመጠበትን ጆንያ ስፌት በጥፍሩ እየፈታ ነበር።

«ውቤ! ባቄላዬን ልታፈስብኝ ነው እንዴ!» ብለው ጋሽ ሃብታሙ ጮኹበት። እጁን ሰበሰበ።

«እሳቸው አሁን የት ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«መሳለሚያ። ገመድና ሸራ ይሸጣል» አሉ ጋሽ ሃብታሙ። «በዚያው ዓመት ክለቡን ጥሎ ሄደ። ኮዳ ብለህ መሳለሚያን ብታናጋው ሽኩር አንገቱን አያዞርም። ኩሩ ነው።»

ሄጄ ላነጋግራቸው ሞክሬ ነበር። ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። መጠበቅ አልወድም፤ ተመለስኩ። ያለኝን ይዤ ጻፍኩ። ለዚያ ክፍል «ኮዳው የቀለለበት ዋንጫ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ከቡድኑ ፎቶ ስር ደግሞ በስተግራ ጥግ ለቆመው ረጅም ልጅ «ሽኩር (ኮዳ)፣ በረኛ» ብዬ ጻፍኩ። ቅንፏን ሳስገባ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለጽሑፉ ሕይወት የሰጠችው መስሎኝ ነበር።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለአባቴ አነበብኩለት አልልም፤ ራሱ ነው ያነበበው። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እየጎተተ፣ ምሳውን አስቀዝቅዞ አነበበ። አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺን ብትተያትስ?»

«የቷን?»

«የውሃዋን።»

«ለምን?»

«እ… ሰው ነው። ልጆች አሉት።»

«አባዬ፣ መርካቶ በሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ደግሞ ከመጽሔቱ ውስጥ ሰው የሚያነበው እሱን ብቻ ነው፤ የቀረው የሊቀመንበር ስም ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ። መነጽሩን አወለቀ። «በይ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

እንዳመሰገነኝ ቆጠርኩት።

መጽሔቱ ታተመ። ያማረ ነበር፤ ወፍራም ወረቀት፣ ሽፋኑ ላይ የከረጢቱ ማሊያ። ኮሚቴው በበዓሉ ላይ በሕይወት ያሉ የሰማንያ አራት ተጫዋቾች ሁሉ እንዲገኙ ፈለገ። ጋሽ ሽኩርን የሚጠራ ሰው ግን ጠፋ።

«እኔ ብሄድ አያናግረኝም» አሉ ጋሽ ማሙሸት። «ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

«ውቤ ይሂድ፤ ካፒቴን ነው» አሉ ጋሽ ሃብታሙ።

«ልጅቷ ትሂድ» አለ አባቴ። «ወጣት ናት። እሷን አይመልስም።»

ስለዚህ የግብዣ ካርድና አንድ መጽሔት ይዤ መሳለሚያ ወረድኩ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ከጣሪያ እስከ ወለል የገመድ ጥቅል። በእኔ ዕድሜ ያለች ሂጃብ ያደረገች ልጅ ለደንበኛ ገመድ በክንዷ እየለካች ነበር። ጋሽ ሽኩር ከውስጥ ሸራ እያጠፉ ነበር። ፎቶው ላይ ካለው ልጅ የቀረው ቁመቱ ብቻ ነው።

«የውብሸት ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨበጡኝ። «መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ። ኢማን፣ ወንበር ስጫት።»

ገመድ የምትለካው ልጃቸው ናት። ወንበሩን ሰጠችኝ፤ ካርዱንና መጽሔቱን ለአባቷ ሰጠኋቸው፤ ሲከፍቱት ከኋላቸው ቆማ በትከሻቸው ላይ ታነብ ጀመር። ጋሽ ሽኩር የሚያነቡት በዝግታ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከረጢቱ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ። ገጽ ገለጡ። ከንፈራቸው ቆመ። ኢማን ገመዱን ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው፤ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

ጋሽ ሽኩር መጽሔቱን ዘጉትና መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ አሳረፉ።

«ፎቶው ጥሩ ወጥቷል» አሉ።

«አመሰግናለሁ።»

«አባትሽ አንብቦታል?»

«አዎ፤ ከመታተሙ በፊት።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ምንም አላለም?»

«የእርስዎን ክፍል እንድተወው ብሎኝ ነበር… ልጆች አሉት አለኝ።»

ጋሽ ሽኩር ኢማንን ዘወር ብለው አዩአት። «አሉኝ» አሉ። «አልዋሸም።»

ከዚያ ለስላሳ ካልጠጣሽ አትሄጂም አሉኝ። ከጎረቤት አስመጡልኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ፊታቸው ተቀምጬ እስከ ታች ጠጣሁት። ስነሳ «እመጣለሁ በያቸው» አሉኝ።

ኢማን እስከ አስፋልቱ ተከተለችኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔም ገብቻለሁ። ስለ አንድ ሰው ስትጽፉ ሰውየውን አትጠይቁም?»

«መጥቼ ነበር፤ ተዘግቶ—»

«መቼ?»

«ዓርብ። ከሰዓት።»

«ዓርብ!» አለች። «ለጁምዓ ሲወጣ ጠብቀሽ ነዋ የመጣሽው። ከሰላት በኋላ መመለስ አቃተሽ?»

ወደ ሱቁ ዞር ብላ አየች።

«የዋንጫው ቀን ማታ» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወሬው ከአባቴ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ሊያፈጥሩ ሲቀርቡ አያቴ ‹አንተ ቀድመኸናል› ብሎ ከትሪው አስነሳው። እናንተ ኮዳ እያላችሁ ስትስቁ እኛ ቤት የሚታወሰው ያ ትሪ ነው።»

«አልጠጡም ነበር?»

«ጠይቄው አውቃለሁ። ‹ለአላህ የነገርኩትን ለሰው አልደግምም› ነው የሚለኝ። ማን እንደጠጣም አይናገርም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽ በዚህ ሲያልፍ ለምን ሁልጊዜ በዚያኛው ጠርዝ እንደሚሄድ ጠይቂው። ፀሐይ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን በዚያኛው ነው።»

ታክሲ አልያዝኩም። ከመሳለሚያ እስከ አባቴ ሱቅ በእግሬ ሄድኩ። ጋሪ እየገፋኝ፣ ተሸካሚው «ጀርባሽን!» እያለ እየጮኸብኝ፣ አባቴ እንዴት እንደሚሄድ አሰብኩ። እውነት ነው። ከትንሽነቴ ጀምሮ እጄን ይዞ መሳለሚያ ላይ መንገድ ያሻግረኝ ነበር፤ የምንሄድበት ሱቅ በዚህኛው ወገን ቢሆንም ተሻግረን፣ አልፈን፣ እንደገና እንሻገራለን። መኪና ስለሚፈራልኝ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ለአንዲት ሴት ክክ እየመዘነ ነበር። ሴትየዋ «ጋሼ፣ ትንሽ ጨምሩልኛ» ትላለች፤ እሱ እፍኝ ይጨምራል። እስክትሄድ ጠበቅሁ። ያን ያህል ሰው ጠብቄ አላውቅም።

«አባዬ፣ ውሃውን ማን ነው የጠጣው?»

ሚዛኑ ላይ የቀረውን ክክ በመዳፉ ጠረገ። ቀና አላለም።

«አንዲት ጉንጭ ናት» አለ።

«ግማሽ ኮዳ ነው የቀለለው።»

«ሁለት ጉንጭ።»

የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ እንደቆመ ነገረኝ። በእረፍት ሰዓት የጫማው ክር ተበጥሶ ሌላ ሊፈልግ ከጎሉ ጀርባ ሄደ። ኮዳው ልብሱ ላይ ተጋድሟል። አላሰበበትም፤ ማለት አስቦበታል፣ ግን እጁ ቀደመው። ሲውጥ ቀና አለ፤ ሽኩር ከቋሚው አጠገብ ቆሞ ያየዋል። ሽኩር ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረለት። ገመና ለመሸፈን ፊት እንደሚዞረው።

«ለኔ ኃጢአት አልነበረም እኮ» አለኝ። «እኔ ረመዳን የለብኝ። ያፈረስኩት ስምምነት ነው፤ ቢበዛ ይስቁብኝ ነበር፣ አንድ ሳምንት። እሱ ላይ ሲወድቅ ነው ኃጢአት የሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ትከሻ ላይ ነበርኩ፤ ጎሉን አግብቼ። ማሙሸት ኮዳውን እየነቀነቀ ሲጮህ ከላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሽኩር ቀና ብሎ አየኝ። ‹ተናገር› አላለኝም። ጠበቀኝ። ስወርድ እናገራለሁ አልኩ። ስወርድ ደግሞ ነገ አልኩ። በነጋታው ስም ወጥቶለታል። መርካቶ ስም ካወጣ በኋላ ማን ይነቅለዋል?»

«እኔ ስጽፈውስ?»

«ተይው አልኩሽ።»

«‹ልጆች አሉት› ነው ያልከኝ!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ። «አንቺም ልጄ ነሽ።»

በዚህ መሀል ደንበኛ በሩን ገፍቶ ገባ፤ ምስር ነበረ የሚፈልገው። አባቴ ዋጋ ተናገረ፣ ተከራከረ፣ መዘነ። ድምፁ አልተለወጠም። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ይሄ ነው፤ ምን ያህል እንደለመደው።

መጽሔቱን ልሰብስብ አልኩ። ጋሽ ሃብታሙ ግማሹን አከፋፍለው ጨርሰዋል፤ አንዳንዱ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ገጹን ቆርጬ ላውጣ አልኩ። አባቴ እጄን ያዘኝ። «ተይ። በበዓሉ እኔው በአፌ እናገራለሁ። እሱ ባለበት፣ ሰው ሁሉ ባለበት።» አመንኩት። ካልተናገረ፣ እስካሁን ወሬ ብቻ የነበረው ነገር የልጅ ልጅ የሚያነበው ታሪክ ሆኖ ይቀራል፤ ከስሩ ያለው ስም ደግሞ የእኔ ነው።

በዓሉ እሑድ ከሰዓት በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ሆነ። ጠረጴዛዎቹ ላይ በየአይነቱ የተሞሉ ትልልቅ ትሪዎች፣ የታሸገ ውሃ፣ በየወንበሩ ላይ መጽሔቴ። ሰዎች እሱን እያነበቡ ይስቃሉ። የት ቦታ ላይ እንደሚስቁ ከሩቅ አውቅ ነበር።

ጋሽ ሽኩር ሙሉ ልብስ ለብሰው ከኢማን ጋር ገቡ።

«ኮዳ መጣ!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ክፋት አልነበረበትም፤ ናፍቆት ሳይኖርበት አልቀረም። «ኮ–ዳ! ኮ–ዳ!» አሉ የድሮ ደጋፊዎቹ፣ እንደ ስታዲየም። ጋሽ ሽኩር ማንም እንዳልጠራቸው ሆነው ሄደው የተሰጣቸው ቦታ ተቀመጡ። ኢማን ወንበሯ ላይ የነበረውን መጽሔት አንስታ፣ በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ንግግር ተደረገ። ዋንጫው ታየ። ጋሽ ሃብታሙ «አሁን ካፒቴናችን» ሲሉ አባቴ ወጣ። ማይኩን በሁለት እጁ ያዘው። አመሰገነ። የሞቱትን በስም ጠራ። ከዚያ ቆመ።

«ስለ ሰማንያ አራቱ ዋንጫ…» አለ። «ያን ቀን ውሃውን የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጋሽ ማሙሸት ከተቀመጡበት ጮኹ።

«ውቤ ደግሞ! ጎሉንም አንተ፣ ውሃውንም አንተ! ለሰው ምንም አታስተርፍም?»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጭብጨባ ተከተለ። «ካፒቴን!» አለ አንዱ። «ጨዋነት እንዲህ ነው፣ የጓደኛን ነውር በራስ መሸከም!» አለ ሌላው። አንዲት ሴት እልል አለች። አባቴ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ማይኩ ግን ወደ ደረቱ ወርዶ ስለነበር የተሰማ ነገር የለም። ከዚያ ፈገግ አለ። ያልገዛውን ዕቃ በስህተት የሰጡት፣ መመለስም ያልፈለገ ሰው እንደሚስቀው። ማይኩን ለጋሽ ሃብታሙ ሰጥቶ ሄዶ ተቀመጠ።

ጋሽ ሽኩርን አየሁ። አባቴን አይመለከቱም። እኔን ነበር የሚያዩት።

መድረኩ ላይ እንዴት እንደወጣሁ በትክክል አላውቅም። ጋሽ ሃብታሙ «ሩታዬ፣ ፕሮግራሙ እኮ—» ሲሉ ማይኩን ከእጃቸው ወሰድኩት።

«አባቴ አልቀለደም» አልኩ። «ኮዳውን የጠጣው እሱ ነው። ጋሽ ሽኩር አይተውታል፤ ዝም አሉለት። ስሙን እናንተ አወጣችሁላቸው፣ እኔ ደግሞ ሳልጠይቃቸው አተምኩት። መጽሔቱ ውስጥ ያለው ውሸት ነው። ጋሽ ሽኩር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሳቅ አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት «አባቷን! በአደባባይ!» ስትል ሰማሁ። «አስተምሮ ትርፉ ይሄ ነው» አለ ከጎኗ ያለው ሰው። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ጆሮው ቀልቷል። እኔ እንደቆምኩ ነኝ፤ ማይኩ ትንፋሼን እያጎላ ለሰው ሁሉ ያሰማል።

ጋሽ ሽኩር ተነሡ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ።

ከፊታቸው የነበረውን የታሸገ ውሃ አነሱ። ክዳኑን ሲከፍቱት የተሰማው ድምፅ እስከ ጥግ ደረሰ። በጠረጴዛዎቹ መሀል አልፈው አባቴ ፊት ቆሙ።

«ውብሸት» አሉት። ውቤ አላሉትም። «ጠጣ።»

«ሽኩር፣ እባክህ…»

«ጠጣ እንጂ። ያኔ ተደብቀህ ነው የጠጣኸው። ዛሬ ሰው እያየህ ጠጣ።»

አባቴ ጠርሙሱን ተቀበለ። ሲያነሳው ውሃው ክራቫቱ ላይ ፈሰሰ። አንዴ ተጎነጨ። ሊመልስላቸው ዘረጋ።

«ሁለት ነበር» አሉ ጋሽ ሽኩር።

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ደግሞ ተጎነጨ። ሲውጥ ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ ሁሉም አየ። ጋሽ ማሙሸት የራሳቸውን ውሃ ሊከፍቱ ይዘውት ነበር፤ ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

ጋሽ ሽኩር ጠርሙሱን ተቀብለው ክዳኑን ገጠሙ። ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ማንም አልበላም። እሳቸው እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱና ቆረሱ።

«ብሉ እንጂ» አሉ። «ምግቡ በረደ።»

ይቅርታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ኢማንን ጠይቄያት ነበር፤ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኛ ቤት ስለሱ አይወራም» አለችኝ።

አባቴ ወደ ቤት ስንሄድ አላናገረኝም። በሚቀጥሉትም ቀናት ከ«ጨው አቀብይኝ» ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ከሥራ በኋላ መጽሔቱን ከየሱቁ እሰበስብ ነበር። አንዳንዱ ይሰጠኛል። ብዙው ግን «ምን ሆነሽ፣ አሁን ነው እንጂ የተወደደው!» እያለ ይስቅብኛል። አንዱ ነጋዴ የጋሽ ሽኩርን ገጽ አስፍቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎት አገኘሁ፤ ለምኜ አስነቀልኩት። የገጹን ምትክ ልጽፍ መሳለሚያ ስሄድ ጋሽ ሽኩር ደንበኛ እያስተናገዱ ነበር። እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆምኩ። ስለዚያ ቀን ሊነግሩኝ የፈለጉት ትንሽ ነው። «ፀሐይ ነበር» አሉኝ። «በደንብ ጠብቄያለሁ። አንዷን ጎል ያስገቡብን ኳሱ በሃብታሙ እግር ተነክቶ ነው፤ እሱን ጻፊ።» ጻፍኩት።

የታተመውን አዲስ ገጽ ለጋሽ ሃብታሙ ላደርስ እህል በረንዳ ስገባ አባቴ ከፊቴ ይሄድ ነበር፤ አብረን አልነበርንም፣ መንገዳችን ነው የገጠመው። ገበያው ሞልቷል። ከአንዱ መጋዘን በር ጋሽ ማሙሸት ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተጣሩ።

«ጉንጭ! አንተ ውቤ ጉንጭ!»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አንዱ ከነጆንያው ቆሞ «ሁለት ነው አንድ?» አለ። ፊቴ ነደደ። ሮጬ ልደርስበት፣ «አትዙር አባዬ፣ ዝም ብለህ ሂድ» ልለው ፈለግሁ።

አባቴ ቆመ። ዞረ።

«አቤት» አለ።